ማንም ያልፈለጋት ባዝራ

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሸለቆአችን ሰው ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠላቴ ሆነ። ከሁሉም የከፋው ባለ ሥጋ ቤቱ ሬስትሪክ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሱቁ ስላክ ቋሊማውን ተቀብዬ፣ አመሰግናለሁ ሳልል፣ አገጬን ቀና አድርጌ እወጣ ነበር። ለምን እንደጠላሁት ሳያውቅ የቀረ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳይስቅ አይቀርም።

የነገሩ መነሻ ዳምሰን ናት። ዳምሰን በእኛ አገር በየድንጋይ አጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ጠቆር ያለ ኮምጣጣ ፍሬ ነው። የአባቴ ባዝራ መልኳ ያንኑ ፍሬ ይመስል ስለነበር፣ ጠባይዋም ቢሆን ከፍሬው ብዙ ስለማይርቅ፣ ስሙን ወረሰች። እናቷ ምጥ ሲጠናባት ስቦ ያወጣት አባቴ ነው። ከዚያ በኋላ ከእሱ በቀር ልጓም ሊያጠልቅላት የሚሞክረውን ሰው ሁሉ ክንዱን ትነክሰው ጀመር። እኔን አትነካኝም ነበር። እኔ ወድዳኝ ነው እል ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ካሮት እንደማይጠፋ አልቆጠርኩትም።

ያን ዓመት አባቴ ቤት አልነበረም። ሳምባውን ታሞ ከባሕሩ አጠገብ ባለ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ልጅ ማስገባት ክልክል ስለሆነ እናቴ እሁድ እሁድ ብቻዋን በአውቶቡስ ሄዳ ትመለሳለች። ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ እይዛታለሁ።

“ምን አለ?”

“ዳምሰን እንዴት ናት አለ።”

“ስለ እኔስ?”

“አንቺንም ጠየቀ፤ ሁለተኛ።”

ሁለተኛ መሆኔ ከንክኖኛል። ግን ለዳምሰን መሸነፍ ያን ያህል አያሳፍርም ብዬ ተውኩት።

በጸደዩ መግቢያ ላይ አንድ ምሽት ከውሻችን ጋር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ ሳለሁ እናቴና አያቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አያቴ ኤዝራ የአባቴ አባት ነው። ዳምሰንን ለፈረስ ውድድር የምታሠለጥነው እናቴ ብትሆንም የአሠልጣኝነት ፈቃዱ የወጣው በእሱ ስም ነበር፤ በዚያ ዘመን ለሴት ፈቃድ አይሰጥም። እሱ ደግሞ ልምምዱን የሚከታተለው አብዛኛውን ጊዜ በረቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ እያንቀላፋ ነው።

“ጣሪያው ሌላ ክረምት አይችልም አባባ” አለች እናቴ። “ዳምሰን ትሩጥ።”

“በየትኛው?”

“አሸናፊው በሚሸጥበት።”

የአያቴ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ከላዬ ድምፁ ተሰማኝ። “አእምሮሽን ስተሻል ልበል ሂልዳ? ካሸነፈችስ?”

“ካላሸነፈችማ ምን ይጠቅመናል?”

“ካሸነፈች እኮ የአጫራች መዶሻ ሥር ትገባለች። ልጄ ከሆስፒታል ወጥቶ ባዶ በረት ይጠብቀው?”

“በሌላው ውድድር ይቀልዱባታል። ይሄኛው የደካሞች ነው፤ ይሄንን ታሸንፋለች። ሰው ዝም ካለ ደግሞ ትመለሳለች።”

“ሰው ዝም ካለ” አለ አያቴ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የሻይ ማማሰያ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት ዳምሰን ልታሸንፍ መሆኑንና ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ ለጨረታ መቅረቧን ነው። ደስ አለኝ። በዚያ ዓይነት ውድድር ደንቡ እንዲህ ነው፦ ጎበዝ ፈረስ ያለው ሰው መጥቶ የደካሞቹን ሽልማት እንዳይጠርግ፣ ያሸነፈው ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ እዚያው ለገበያ ይቀርባል። የፈለገ ይገዛዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ማስቀረት ቢፈልግ እንኳ እንደ ማንም ተጫርቶ ገንዘቡን ለውድድሩ አዘጋጆች ይከፍላል። ማንም እጁን ካላነሳ ግን ባለቤቱ ሽልማቱንም ፈረሱንም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእናቴም ሐሳብ ይኸው ነበር፦ ሽልማቱ ለጣሪያው፣ ባዝራዋ ለአባቴ። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያኔ ጨረታ ሲባል እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ የጸሎት ቤታችንን።

በመከር በዓል ሰው ሁሉ ከጓሮውና ከምድጃው ያፈራውን ወደ ጸሎት ቤት ያመጣል። ከአምልኮው በኋላ ሚስተር አልደርሰን አግዳሚ ላይ ወጥቶ ዱባውን፣ ዳቦውን፣ ማርማላታውን በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢው ለጸሎት ቤቱ ነው። አልደርሰን የከብት ገበያውም የፈረስ ውድድሩም አጫራች ስለሆነ አንዲት የጎመን ራስ ሲያነሳ የንጉሥ ዘውድ የያዘ ያስመስለዋል። አንድ ዓመት የሚስ ፌዘርስተን ኬክ ተራው ደረሰ። ሚስ ፌዘርስተን ፖስታ ቤታችንን የምትጠብቅ አሮጊት ናት፤ ኬኩን አሳርራዋለች። አልደርሰን የቻለውን ያህል አሞገሰው። ቤቱ ግን ጭጭ አለ። ሚስ ፌዘርስተን ጓንቷን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። በመጨረሻ እናቴ እጇን አነሳች።

ኬኩን ውሻችን እንኳ አሽትቶ ተወው። ወደ ቤት ስንሄድ “ለምን ገዛሽው?” አልኳት።

“ሰው በእጁ የሠራውን አቅርቦ ሁሉም ዝም ሲለው፣ እንደ መዋረድ ነው ኮኒ። ዝም ሲባል አንድ ሰው እጁን ማንሳት አለበት።”

ይህችን ቃል እንደ አሥርቱ ትእዛዛት አጥብቄ ያዝኳት።

የውድድሩ ቀን የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ነበር። ጠዋት ዘንቦ አባርቷል፤ የተረገጠ ሣርና ትኩስ የሥጋ ፓይ ይሸታል። አወራራጆቹ ሣጥኖቻቸው ላይ ቆመው ይጮኻሉ፣ የከተማው ባንድ ቀንደ መለከቱን ይነፋል። እናቴ የወፍ ላባ ያለባትን ባርኔጣዋን አድርጋ ነበር። አያቴ የአሠልጣኝነት ወጉ እንዳይቀርበት የእሁድ ልብሱን ለብሷል። ጋላቢያችን ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ነው የመጣው፤ ልጓሙን ያጠለቀላት እሱ ስለሆነ ማንም ምን ነካህ አላለውም።

ሰዎች እየመጡ ለእናቴ ሰላምታ ሰጡ። ሬስትሪክ ኮፍያውን አወለቀ። “ሂልዳ፣ እሱ እንዴት ሆነ?”

“በሐምሌ ይወጣ ይሆናል ብለዋል።”

“ይሁን እንጂ፣ ይሁን” አለና ዳምሰንን አንገቷን መታ መታ አደረጋት። ለመንከስ ስትዞር እጁን በጊዜ ሰበሰበ። ለፈረስ የብረት ጫማ የሚመታው ብሬትዌትም መጣ፤ አራቱን እግሮቿን አይቶ “እንደ ሰዓት የተስተካከለች ናት” አለ። እኔም ለብቻዬ አሰብኩ፦ ይህ ሁሉ ሰው እንዲህ ከወደዳት በጨረታው እጅ ለእጅ ሊጋጩ ነው።

ሩጫው ላይ ዳምሰን መጀመሪያ ለመሮጥም የፈለገች አትመስልም ነበር። ከኋላ ሆና፣ መሰናክሉን ሁሉ እያሰበችበት ትዘላለች። ወደ መጨረሻው ዳገት ሲወጡ ግን ሌሎቹ ደከሙ፤ እሷ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ዳገት በየቀኑ የምትወጣ ናትና ምንም አልመሰላትም። አንድ በአንድ አለፈቻቸው። አያቴ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ኮፍያው ከዚያ ቀን በኋላ አልተገኘም። እናቴ እጄን ይዛ ስለነበር ጣቶቼን እስኪያሙኝ ድረስ ጨመቀቻቸው። በደስታ ነው አልኩ። ከደስታው እኩል ፍርሃትም እንደነበረበት የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ አሸናፊውን ወደሚያቆሙበት ቅጥር ገባን። ዳምሰን መሃል ላይ ቆመች፤ ከጀርባዋ እንፋሎት ይወጣል፣ ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ ሰዉን ታያለች። ሰዉ ዙሪያውን ሞላ። ሚስተር አልደርሰን ሣጥኑ ላይ ወጣ።

“እንግዲህ” አለ። “ባዝራ ናት። ቀለሟ ቡናማ ነው። ሃምሳ ጊኒ የሚከፍል አለ?”

ሌላ ምንም አልጨመረም። ለጎመን እንኳ ያን ያህል የሚያወራው ሰው ለዳምሰን ‘ቀለሟ ቡናማ ነው’ ብሎ አበቃ።

ማንም አልተናገረም። ሬስትሪክን አየሁት፤ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ደመናውን ይመረምራል። ብሬትዌት የኮቱን ቁልፎች ይነካካል። ሚስ ፌዘርስተን እንኳ፣ የኬኳ ነገር ያልተረሳት መስሎኝ የነበረችው ሴት፣ ጫማዋን ታያለች። አልደርሰን የኪስ ሰዓቱን አወጣ።

ለዚህ ነገር ስብሰባ የጠራ ሰው አልነበረም። በእኛ ሸለቆ እንዲህ ያለውን ሰው ሳይነጋገር ይስማማበታል። አባቴ የት እንደተኛ ሁሉም ያውቃል፤ ባዝራዋ ምኑ እንደሆነችም ሁሉም ያውቃል። ያ ዝምታ የዚያን ቀን ካየሁት ነገር ሁሉ ደግ ነገር ነበር። እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ በእፍረት ጋልኩ። እናቴ አንገቷን ደፍታለች፤ የባርኔጣዋ ላባ ይንቀጠቀጣል። አፍራ ነው አልኩ። ዝም ሲባል አንድ ሰው እጁን ማንሳት አለበት።

አነሳሁ።

አልደርሰን ዓይን ለዓይን አየኝ። ከዚያ በእኔ በኩል አልፎ አጥሩን አየ። ስላጠርኩ ነው ብዬ በእግሬ ጣቶች ቆሜ እጄን ከፍ አደረግኩት። ሁለተኛውንም እጄን ጨመርኩ። “ሚስተር አልደርሰን፣ እዚህ ነኝ!”

“እጅሽን አውርጂ” አለ አያቴ ጥርሱን ነክሶ።

“ለመጨረሻ ጊዜ” አለ አልደርሰን ጮክ ብሎ። “የሚፈልጋት ከሌለ…”

“ይቅርታ ጌታዬ” አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። “እዚያ ጋ እጅ ያየሁ መሰለኝ።”

ዞር አልን። የግመል ቀለም ያለው ረጅም ኮት የለበሰ፣ ከደቡብ የመጣ እንግዳ ነው። የፈረስ ነጋዴ መሆኑን ጫማው ይናገራል። ቃሉን አንድ በአንድ እያጠበ ነው የሚያወራው።

“ዝንብ እያባረረች ነው” አለ አልደርሰን።

“በሁለት እጇ? ዝንቡ በሬ ያክላል ማለት ነው።” ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ጠጋ አለና ዳምሰንን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ እንደ አዲስ አያት። “እንዲህ ከሆነ ሃምሳውን እኔ ብያለሁ።”

ተሳካልኝ። እንግዳውን የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ግን ከጎኔ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

“ስልሳ።”

በጸሎት ቤታችን የራሷን ኬክ መልሳ የገዛች አንዲት ሴት ነበረች፤ ክረምቱን ሙሉ መሳቂያ ሆና ከረመች። እናቴ ደግሞ የራሷን ፈረስ ልትገዛ ነው፤ ያውም በአገር ፊት። ዝም እንድትል ቀሚሷን ጎተትኩ። አልሰማችኝም። ሰውዬው ይጨምራል፣ እሷ ትጨምራለች። በመጨረሻ አንድ ዋጋ ጠራች፤ ድምፅዋ ሳይሆን ትንፋሽዋ ነው የወጣው። አያቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሽልማቱ አልቆ፣ ከእንቁላል ሽያጭ በቆርቆሮ ያጠራቀመችውም ተጨምሮበት ነበር። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አልነበራትም።

“ጌታዬ?” አለ አልደርሰን ወደ እንግዳው። ከዚያ ምን እንደያዘው እንጃ፣ ያስነጥሰው ጀመር። መሐረብ ፈለገ። መነጽሩን አወለቀና ይወለውል ገባ። ያን ያህል የሚወለወል መነጽር አይቼ አላውቅም።

“ይቺ እኮ” አለ ሬስትሪክ በዚያች ፋታ፣ ለብሬትዌት የሚነግር መስሎ፣ አገር እንዲሰማ፣ “ያን ሳል ይዟት የነበረችው አይደለችም?”

“ሳሉስ ተሽሏታል። የቀረው እግሯ ነው።”

“የኋላው?”

“አራቱም።”

“ባለፈው ዓመት የፖስታ ቤቱን በር በላች” አለች ሚስ ፌዘርስተን ወደ ማንም ሳታይ።

“ዕድሜዋን አትጠይቁኝ” አለ አንድ ድምፅ። “ጥርሷን ለማየት የሄደ ሁሉ ጣቱን ትቶ ነው የተመለሰው።” ይህን ያለው አያቴ ነው። የገዛ አያቴ።

እናቴን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች። ማንም ለዳምሰን የሚከራከር ስለጠፋ መሃል ገባሁ።

“ውሸታሞች ናችሁ ሁላችሁም!”

እንግዳው ኮቱ ጭቃ እስኪነካ ድረስ ቁጢጥ አለልኝ። “እሺ እሜቴ፣ እውነቱን አንቺ ንገሪኝ። እግሯ ጤነኛ ነው?”

“ከሁሉም ፈረስ ይበልጣል። ዳገቱ ላይ አላዩዋትም?”

“አይቻለሁ። ሳሉስ?”

“እሷ አትስልም። የሚስለው አባቴ ነው።”

“የት ነው አባትሽ?” አለ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ሆስፒታል። ሲመጣ ልጓሟን ራሱ ያጠልቅላታል። ለሌላ ሰው እሺ አትልም፣ ትነክሳለች።” ይህን በማለቴ እንዳይሸሽ ፈራሁና ቶሎ ብዬ ጨመርኩ። “ካሮት ከያዙ ግን ምንም አታደርግዎትም።”

ሰውዬው ቀስ ብሎ ተነሣ። መሬት መሬት የሚያዩትን ወንዶች አንድ በአንድ አያቸው። እናቴን አያት፣ ከነላባዋ። ከዚያ ወደ አልደርሰን ዞሮ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

“ካሮት አልያዝኩም” አለ።

የአልደርሰን መዶሻ እንደዚያ ፈጥኖ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። በአንድ ጊዜ ሁሉም ያወራ ጀመር። ሬስትሪክ አያቴን አቅፎ ከመሬት አነሳው፣ ብሬትዌት የእንግዳውን እጅ ጨብጦ አልለቅም አለ፣ ሚስ ፌዘርስተን አፍንጫዋን ትናፈጣለች። በውርደታችን ተደሰቱ አልኩ። በራሴም ተናደድኩ፦ ስለ ካሮቱ ባልነግረው ኖሮ ገዝቷት ነበር።

ማታ በጭነት መኪናችን ስንመለስ ዳምሰን ከኋላ ሣጥኑን ትረግጣለች፣ እናቴ መዝሙር ትዘምራለች። እንዳላዝንላት ነው የምትዘምረው አልኩ።

“አይዞሽ እማዬ” አልኳት። “በሚቀጥለው አንድ የሚፈልጋት ሰው ይገኛል።”

መኪናውን ዳር አስያዘች። ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ጀርባዋን አሻሸኋት። አያቴም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። አልቅሰው ይውጣላቸው ብዬ ተውኳቸው። ሲስቁ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ በሠርጌ ዕለት ጠዋት ነው፤ ያኔም ገና አልጠገበችውም ነበር፣ ፀጉሬን ለመሥራት የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ።

አባቴ በነሐሴ መጣ። ቀጥኖ፣ አንገቱ በሸሚዙ ውስጥ ጠፍቶ፣ ከታክሲ ወርዶ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄደ። ዳምሰን አየችው። አሸተተችው። አንገቷን ትከሻው ላይ ጥላ ሙሉ ክብደቷን ለቀቀችበት፤ እሱም ሊወድቅ እየተንገዳገደ ይስቃል። ከዚያ እኔን አቀፈኝ፤ ሁለተኛ። አልከፋኝም።

ጣሪያው እንዳለ ቀረ። መስከረም ላይ የሸለቆአችን ዝናብ ሲጀምር ከምድጃው አጠገብ ባልዲ አኖርን። አባቴ ለፍሳሹ ስም አወጣለት፤ “የኮኒ ጨረታ” አለው። “የኮኒ ጨረታ ሞልቷል፣ አንድ ሰው ይድፋው” ይላል። እናቴ ድስት እያማሰለች ፊቷን ታዞራለች። እኔ በስሜ የተሰየመ ነገር በማግኘቴ ኮራሁ፣ ባልዲውንም ከእኔ በቀር ማንም እንዲደፋው አልፈቅድም ነበር።

በዚያ ዓመት የመከር በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ የጋገርኩትን የዝንጅብል ኬክ ይዤ ሄድኩ። መሃሉ ወደ ታች ሰርጉዷል፣ አንዱ ጎኑ ጠቁሯል። ተራው ሲደርስ የአባቴን እጅ ያዝኩ። እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ስለማውቅ ለዝምታው ራሴን አዘጋጅቻለሁ።

አልደርሰን ኬኩን በሁለት እጁ ከፍ አደረገው። “ወገኖቼ” አለ፣ “ዕድሜ ልኬን ይህን ሥራ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም።”

ሬስትሪክ እጁን አነሳ። ብሬትዌት አነሳ። ሚስ ፌዘርስተን ብድግ ብላ ጃንጥላዋን አነሳች። ከኋላ ያሉት፣ ያን ቀን እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የቆሙት ወንዶች ሁሉ፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው እየጨመረ ኬኩን የኮርቻ ዋጋ ላይ አደረሱት። በመጨረሻ ሬስትሪክ አሸነፈ። ሰው ሁሉ እያየው እዚያው ገመጠው። ብዙ ጊዜ አላመጠ፤ ለመዋጥ ውሃ ጠየቀ።

“እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም” አለ።

ወደ አባቴ ጆሮ ተጠጋሁ። “እነዚህ ሰዎች ኬክ ያውቃሉ” አልኩት። “ፈረስ ግን ምንም አያውቁም።”

አባቴ ሳቀ። የፊተኞቹ ዞረው እስኪያዩት፣ የጸሎት ቤቱ አግዳሚ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባው እስኪወርድ ድረስ ሳቀ። እኔና እናቴ እንደ ልማዳችን ሳሉ እስኪከተል ጠበቅን። ሳሉ አልመጣም።